ጠረጴዛ ውስጥ የተገነባ ኮምፒውተር፦ የውሃ ማቀዝቀዣው ዕቅድ ከየት ይጀምር?

በጠረጴዛ ውስጥ ተገንብቶ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር በአብዛኛው የሚታወቀው በፎቶግራፉ ነው። ወፍራም መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር በልክ የታጠፉ ግልጽ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ባለቀለም ፈሳሽ፣ ዙሪያውን የሚያበሩ ማራገቢያዎች። ፎቶግራፉ የሚነሣው ሥራው ባለቀ ዕለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የሠራው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ፣ ፈሳሹ ሲደፈርስ፣ አንድ የራም ካርድ ሲበላሽና በመስታወቱ ላይ የሌላ ተማሪ መጻሕፍት ከሁለት ስክሪን ጋር ተደርድረው ሲገኙ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም። የዚህ ጽሑፍ አቋም እንዲህ ያለው መሣሪያ መታቀድ ያለበት ከዚህ ከሁለተኛው ዕለት ተነሥቶ ነው የሚል ነው። ሙቀቱ በየት በኩል ከክፍሉ እንደሚወጣ፣ ዕቃው ሲበላሽ ማን በስንት ደቂቃ እንደሚከፍተው አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል፤ የቱቦው አጣጣፍና የፈሳሹ ቀለም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልተነሣ ነበር። ነገር ግን የአየር ጠባይ ሞዴል የሚያስኬድ፣ የፈሳሽ ፍሰት የሚያሰላ ወይም የማሽን ትምህርት ሞዴል የሚያሠለጥን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዛሬ ሥራውን የሚሠራው በአመዛኙ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስሌቱ ሳምንታት ይፈጃል። ማሽኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ከተማሪው ጉልበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይቆያል፤ ሙቀቱም ጩኸቱም የተማሪው ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ የማስረከቢያ ቀን የተቆረጠ ሲሆን የማሽኑ ደኅንነት የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መለዋወጫው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር ደግሞ የአንዲት ትንሽ መጋጠሚያ መሰንጠቅ አንድ ወር ሊያስጠብቅ ይችላል።

ኮምፒውተርንና የቤት ዕቃን አንድ የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኤልጂፒ-30 የጽሕፈት ጠረጴዛ መጠንና ቅርጽ ነበረው። ከ100 በላይ የቫኩም ቱቦዎችን ይዞ ወደ 1500 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይወስድ ነበር፤ ክብደቱም ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሬይ-1 ደግሞ ዙሪያውን የሚያስቀምጥ ባለስፖንጅ አግዳሚ ነበረው። ጎብኚዎች እንደ ጌጥ ይቆጥሩት እንጂ አግዳሚው ሥራ ነበረው፤ የኃይል ማቅረቢያ ክፍሎቹ የተቀመጡት ከሥሩ ነው። ማማው በፍሪዮን ይቀዘቅዝ ነበር። ሁለቱም ማሽኖች የቤት ዕቃ መልክ የያዙት ውስጣቸው ያለውን ነገር ለመድረስ በሚያመች መንገድ ነው። ዛሬ በመስታወት ሥር የሚገነቡት ጠረጴዛዎች ይህን ጠባይ ሁልጊዜ አልወረሱም፤ ለመታየት የሚመቸው ለእጅ ላይመች ይችላልና።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ የሚጀምረው በዋት ቆጠራ ነው። ለምሳሌ ያህል በ2022 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ዕቃዎች ይወሰዱ። ራይዘን 9 7950ኤክስ የተባለው ፕሮሰሰር በሙሉ ሥራ ላይ እስከ 230 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ እስከ 450 ዋት ይወስዳሉ። ድምሩ 680 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲዎቹ፣ ፓምፑና ማራገቢያዎቹ 60 ዋት ያህል ይጨምራሉ ቢባል 740 ይሆናል፤ ፓወር ሰፕላዩ ከመቶ 90 ብቃት ካለው ከግድግዳው የሚሳበው 820 ዋት ገደማ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ልዩነት ነው። ውሃው የሚሸከመው 680ውን ብቻ ነው። ቀሪው 140 ዋት በውሃ የማይነኩ ክፍሎች የሚተፉት ስለሆነ በጠረጴዛው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ብዙ ንድፎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ውሃ ስላለው አየር አያስፈልገውም» ተብሎ ሣጥኑ ይዘጋል፣ ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኤስኤስዲውና የማዘርቦርዱ የኃይል መቆጣጠሪያ ክፍሎች ይበስላሉ።

ውሃ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ለአየር 1 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። በይዘት ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ3000 እጥፍ ይበልጣል። በደቂቃ 4 ሊትር በሚያዘዋውር ፓምፕ 680 ዋት የተጫነበት ውሃ ዑደቱን ሲጨርስ የሚጨምረው ሙቀት 2.4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም ቱቦው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ይንካ ወይስ ግራፊክስ ካርዱን የሚለው ረጅም ክርክር ብዙ ትርጉም የለውም፤ ቅደም ተከተሉ መወሰን ያለበት ቱቦውን በሚያሳጥረውና ለመፍታት በሚቀለው መንገድ ነው።

ነገር ግን የውሃ የመሸከም ችሎታ ሌላ የተሳሳተ እምነት አስከትሏል፤ ውሃው ሙቀቱን «ይውጠዋል» የሚል። አንድ ተራ ዑደት የሚይዘው አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ነው። በራዲያተሩ ላይ ያሉት ማራገቢያዎች ቢቆሙና ስሌቱ ቢቀጥል ያ አንድ ሊትር በየደቂቃው ወደ 10 ዲግሪ ይጨምራል። ከ35 ዲግሪ ተነሥቶ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንድ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦዎች መለስለስ የሚጀምሩትም በዚያው አካባቢ ነው። ውሃ ተሸካሚ ነው፣ ጎተራ አይደለም። ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ ራዲያተሩ ሲሆን ከራዲያተሩ ደግሞ ወደ ክፍሉ አየር ነው፤ 820ው ዋት በሙሉ መጨረሻው ክፍሉ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝም ሆነ በውሃ የሚቀዘቅዝ ማሽን ክፍሉን የሚያሞቀው እኩል ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ማሽን ያቀደ ሰው ከሁሉ በፊት ማቀድ ያለበት የክፍሉን መስኮት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአዲስ አበባ ለሚያቅድ ተመራማሪ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን እዚህ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ማራገቢያ የሚገፋው ይዘትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየዞረ የሚያሻግረው የአየር ክብደት በአንድ አራተኛ ያንሳል። በቁጥር ሲገለጽ 680 ዋት ተሸክሞ በ10 ዲግሪ ብቻ የሚሞቅ አየር በባሕር ጠለል በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ያህል ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ 270 ያህል ያስፈልገዋል። በአምራቾች ማስታወቂያ ላይ የሚሰጠው የራዲያተር ችሎታ ይህን ከፍታ አስቦ የተጻፈ አይደለም። በልምድ አንድ ባለ120 ሚሊ ሜትር የራዲያተር ክፍል ከ100 እስከ 150 ዋት ያወርዳል ይባላል፤ እዚህ የታችኛውን ቁጥር መያዝ ጥንቃቄ ነው። ለ680 ዋት ሰባት ክፍል ዝቅተኛው ልክ ይሆናል፤ ስምንተኛ ክፍል የሚገባበት ቦታ በጠረጴዛው ካለ ማራገቢያዎቹ በዝግታ እንዲዞሩ ያደርጋል።

ይህን ሲሰሙ ከፍታውን እንደ መርገም የሚቆጥሩ አሉ። እንደዚያ ማሰብ ስሌቱን በግማሽ መተው ነው። ራዲያተር የሚያወርደው ሙቀት በአየሩ ክብደት ብቻ አይወሰንም፤ በውሃውና በክፍሉ አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነትም ይወሰናል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከአዲስ አበባ አየር በአሥር በመቶ ያህል ይከብዳል። ይሁን እንጂ በሞቃቱ ወራት የክፍሉ አየር 32 ዲግሪ ቢሆንና ውሃው ከ40 እንዳያልፍ ቢፈለግ የሚቀረው ልዩነት 8 ዲግሪ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የክፍሉ አየር 22 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 18 ነው። የአሥር በመቶ የክብደት ብልጫ ከእጥፍ በላይ በሆነ የሙቀት ልዩነት ፊት የሚጠቀስ አይደለም። ስለዚህ ለድሬዳዋ የሚታቀድ ተመሳሳይ ማሽን ወይ የራዲያተሩን ስፋት እጥፍ ማድረግ ወይ ሞቅ ያለ ውሃ መቀበል ይኖርበታል። ደጋው አየሩ ስስ ቢሆንም በቅዝቃዜው ይክሳል።

ሞቅ ያለ ውሃ መቀበል የሚለው ደግሞ እንደ ሽንፈት ሊታይ አይገባም። አይቢኤምና ኢቲኤች ዙሪክ በ2010 እ.ኤ.አ. አኳሳር የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠሩ 60 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ አቀዝቅዘውት የተረፈውን ሙቀት ለዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች ማሞቂያ አውለውታል። በጀርመን ጋርሺንግ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሱፐርሙክም በሞቀ ውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ፕሮሰሰር እስከ 95 ዲግሪ እንዲሠራ የተሠራ ነው። በውሃውና በሲሊከኑ መካከል ያለው ትልቁ የሙቀት ልዩነት የሚፈጠረው በራዲያተሩ ላይ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ክዳን፣ በሙቀት ማስተላለፊያው ቅባትና በመዳብ ብሎኩ ላይ ነው። ውሃውን ከ40 ወደ 35 ለማውረድ አንድ ተጨማሪ ራዲያተር የሚገዛ ሰው በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያገኘው ለውጥ አምስት ዲግሪ ነው፤ በስሌቱ ፍጥነት ላይ የሚያገኘው ግን ምንም ሊሆን ይችላል። ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ለማቀዝቀዝ በማቀዝቀዣ ሞተር መጠቀም ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በቱቦው ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ጤዛ የያዘው ቱቦ ከማዘርቦርዱ በላይ የሚያልፍ ከሆነ የሚሆነው ግልጽ ነው። በማራገቢያና በራዲያተር ብቻ የሚሠራ ዑደት ከክፍሉ አየር በታች ሊወርድ ስለማይችል ከዚህ አደጋ ነፃ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ወደራሱ መምጣት ይቻላል። አናጢ የሚሠራው ጠረጴዛ ከዋንዛ ቢሆን ውብ ነው፤ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ ግን ማንኛውም እንጨት ከአሉሚኒየም በሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል። የብረት ሣጥን በግድግዳው በኩል ጥቂት ሙቀት ይተፋል፤ የእንጨት ሣጥን ብርድ ልብስ ነው። ስለዚህ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ በስፋት ሊሰጠው ግድ ነው። መግቢያው ወለሉ አጠገብ ከሆነ የበጋ አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች በወራት ውስጥ ይደፍናቸዋል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ጠረጴዛውን ሳይፈቱ ከፊት ለፊት የሚሳብ መሆን አለበት። መውጫው ወደ ኋላ ከሆነና ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር ከተጠጋ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ተጨፍልቆ ከተሠራ የእንጨት ሰሌዳ የተበጀ ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ጊዜ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሌላም በዝምታ የሚታለፍ ነገር አለ። የብረት ሣጥን ከመሬት መስመር ጋር ስለሚገናኝ ከሰውነት የሚመጣውን የስታቲክ ኤሌክትሪክ ያወርዳል፤ እንጨት ይህን አያደርግም። ማዘርቦርዱ በቀጥታ በእንጨት ላይ ከመታሠር ይልቅ ከፓወር ሰፕላዩ አካል ጋር በተገናኘ የብረት ትሪ ላይ መቀመጥ አለበት።

የመስታወቱ ነገር ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ የጠቅላላው ንድፍ መልክ የሚለየው በእርሱ ነውና። 160 በ80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት 32 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ የራም ካርድ ለመቀየር መጀመሪያ ስክሪኖቹ፣ መጻሕፍቱ፣ የቡና ስኒው ይነሣሉ፤ ከዚያ ሁለት ሰው መስታወቱን ያነሣል፤ ከዚያም መስታወቱን ሳይሰበር የሚያቆሙበት ግድግዳ ይፈለጋል። በማጠፊያ የሚከፈት መስታወት ማንሣቱን ያቀልላል፤ ዕቃ ማስለቀቁን ግን አያስቀርም። ውጤቱ በልምድ የታወቀ ነው፤ ለመክፈት የሚያስቸግር ማሽን አይከፈትም። አቧራው አይጸዳም፣ ፈሳሹ በዓመቱ አይቀየርም፣ ትንሽ ላብ የመሰለ እርጥበት ያሳየ መጋጠሚያ «እስቲ እንየው» እየተባለ ይቆያል።

አማራጩ መሳቢያ ነው። ማዘርቦርዱ፣ ግራፊክስ ካርዱና ብሎኮቹ ጠንካራ ሐዲድ ባለው መሳቢያ ላይ ተቀምጠው በአንድ እጅ የሚወጡበት ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ሳያስነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ለእጅ ያቀርባል። ራዲያተሮቹ፣ ፓምፑና ማጠራቀሚያው በጠረጴዛው አካል ላይ ይቀራሉ። በሁለቱ መካከል የሚያልፉት ሁለት ቱቦዎች ተጣጣፊ ጎማ መሆን አለባቸው፤ ርዝመታቸው መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የሚበቃ፣ ሲገባ የማይታጠፍ መሆኑ በካርቶን ሞዴል አስቀድሞ ሊሞከር ይገባል። ሲነቀል ራሱን የሚዘጋ መጋጠሚያ በሁለቱ ቱቦዎች ላይ ቢጨመር ደግሞ መሳቢያው በሙሉ ውሃው ሳይፈስ ተነጥሎ ወደ ጥገና ክፍል ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ውድ ነው፤ ፍሰቱንም በጥቂቱ ይቀንሳል። ቢሆንም በመላው ዕቅድ ውስጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አንድ ዕቃ ቢመረጥ ይኸው ነው። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው በታች፣ የማስወገጃው ቫልቭ ከሁሉም በታችና ባልዲ በሚገባበት ቦታ፣ የትኛውም መጋጠሚያ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ በላይ ባልሆነ ቦታ ይቀመጣሉ። መስታወት ለሚወድ ሰው በመሳቢያው ፊት ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት ማስገባት ይቻላል፤ ውበት የሚናቅ ነገር አይደለም።

በውሃውና በብረቱ ምርጫ ረገድ የአገር ውስጥ ገበያ ሁለት ፈተናዎች አሉት። አንደኛው የመኪና ራዲያተር ነው። ከመለዋወጫ ሱቅ በርካሽ ይገኛል፣ ሰፊ ነው፣ ለዓይንም በቂ ይመስላል። ይሁን እንጂ የዛሬዎቹ በአመዛኙ አሉሚኒየም ናቸው፤ የኮምፒውተር ብሎክ ደግሞ መዳብ ነው። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የተበላውም ዝቃጭ በብሎኩ ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ይጠራቀማል። ዝገት መከላከያ ፈሳሽ ሂደቱን ያዘገየዋል፤ አያስቀረውም። ሁለተኛው ፈተና የቧንቧ ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ማዕድን በሙቀት ሥር ይጋገራል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ የተሻለ መነሻ ነው፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጠው አሲድ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ እንጂ። በዚህ ላይ ዝገት መከላከያና አልጌ ማጥፊያ በልኩ ይጨመራል። ቀለም አያስፈልግም፤ ባለቀለም ፈሳሽ ሲቆይ ይዘቅጣል፣ ንጹሕ ፈሳሽ ግን መደፍረሱ ወዲያው ይታይበታል። ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገርም አለ። የእነዚህ ዑደቶች መጋጠሚያ ጥርስ ጂ 1/4 የሚባለው የተለመደ የቧንቧ ጥርስ ስለሆነ አንድ መጋጠሚያ ሲሰበር የነሐስ ምትኩ ከሳንባ ቧንቧና ከአየር መጭመቂያ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ሊገኝ ይችላል።

ውሃ ከመሞላቱ በፊት ዑደቱ በአየር ግፊት መፈተን አለበት፤ መለኪያው ለሰዓታት ካልወረደ ውሃ ይገባል። ከዚያም ማዘርቦርዱ ኃይል ሳያገኝ ፓምፑ ብቻ ይነሣል፤ በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት ተነጥፎ አንድ ሌሊት ያድራል። ይህን ለመዝለል የሚቀርብ ምክንያት ሁልጊዜ ጊዜ ማጣት ነው።

የኤሌክትሪክ መቋረጥን በተመለከተ ውሃው ራሱ አደጋ አያመጣም፤ መብራት ሲሄድ ሙቀት የሚያመነጨውም አብሮ ይቆማል። አደጋው የሚመጣው ፓምፑና ማራገቢያዎቹ ከኮምፒውተሩ በተለየ ሶኬት ሲሠሩ ነው። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ላይ ሆኖ ፓምፑ ከግድግዳ ከተሳበ መብራት በጠፋ ቁጥር 680ው ዋት በቆመ ውሃ ላይ ይጫናል። ሁሉም ከአንድ ፓወር ሰፕላይ መሳብ አለባቸው፤ የውሃው ሙቀት ከ50 ሲያልፍም ማሽኑ ራሱን እንዲዘጋ በውሃው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሊኖር ይገባል። መካከለኛ ዩፒኤስ ይህን ጭነት የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንደሆነም መታወቅ አለበት። የሦስት ሳምንት ስሌትን የሚያድነው ፕሮግራሙ በየሰዓቱ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው፤ የማቀዝቀዣው ጥራት በዚህ ረገድ ምንም አይረዳም።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ ይህ ሁሉ ለምን? አንድ ፕሮሰሰርና አንድ ግራፊክስ ካርድ በተራ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ በጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ፣ በአዲስ አበባ አየር ያለ ችግር ይሠራሉ። ተቃውሞው ትክክል ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚበላሸው አንድ ማራገቢያ ነው፤ እርሱም በማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለ። ውሃ ትርጉም የሚያገኘው በሦስት ሁኔታዎች ነው፤ ሁለት ትላልቅ ግራፊክስ ካርዶች ጎን ለጎን ተጣብቀው አንዱ የሌላውን ትኩስ አየር ሲስብ፣ በክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ስለሚሠሩ ጩኸቱ መቀነስ ሲኖርበት፣ ወይም ክፍሉ ጠቦ ለሣጥን የሚሆን ቦታ ሲጠፋና ማሽኑ የግድ በጠረጴዛው ውስጥ ሲገባ። በሦስተኛው ሁኔታ ውሃው የሚፈታው ጠረጴዛው ራሱ የፈጠረውን ችግር መሆኑን መካድ አይቻልም። ከሦስቱ አንዱም በሌለበት የሚሠራ የውሃ ጠረጴዛ የባለቤቱ ደስታ ነው፤ በግል ገንዘብ ከሆነ ማንም አያገባው፤ በምርምር በጀት ከሆነ ግን ያንኑ ገንዘብ በራምና በተጨማሪ ኤስኤስዲ ላይ ማዋል ይመረጣል።

ሁኔታው ተሟልቶ ጠረጴዛው ከተሠራ በኋላ የሚቀረው የንብረት ጉዳይ ነው። በተቋማት የንብረት መዝገብ ጠረጴዛ ከቤት ዕቃ፣ ኮምፒውተር ከኤሌክትሮኒክስ ይመዘገባሉ፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም አንድ አይደለም። ጠረጴዛ ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ግራፊክስ ካርድ በአምስት ዓመት ያረጃል። ሁለቱ ተጣብቀው ከተሠሩ ኮምፒውተሩ ሲወገድ ደህናው ጠረጴዛ አብሮ ይወገዳል፤ ወይም ጠረጴዛው ስላለ ብቻ ያረጀው ኮምፒውተር ከክፍሉ አይወጣም። መሳቢያው ተነጥሎ የሚወጣ ከሆነ ለብቻው ተመዝግቦ ለብቻው ሊወገድ፣ በምትኩም የሚቀጥለው ትውልድ ማዘርቦርድ ሊገባ ይችላል። በመሳቢያው ውስጠኛ ጎን ላይ በላሜራ ተሸፍኖ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የዑደቱ ሥዕል፣ የቱቦው ውስጥና ውጭ ስፋት፣ የፈሳሹ ዓይነትና የተሞላበት ቀን፣ የማስወገጃው ቫልቭ የሚገኝበት ቦታ፣ ውሃው ሲሞላና ሥራ ሲበዛበት የተለካው ሙቀት። ከሥሩ ለሚቀጥሉት ቀኖች ባዶ መስመሮች ይተዋሉ።